ላፕቶፓችሁ ላይ ዲፍራግ አላልቅ ካለ እንዲህ አድርጉ

ማታ ዲፍራግ (ዲስኩ ላይ የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን አንድ ላይ የመሰብሰብ ሥራ) አስጀምራችሁ ጠዋት ስትነሱ 12 በመቶ ላይ ካገኛችሁት አትደንግጡ። «ፈጣን ዲፍራግ» የሚል ሶፍትዌር ፍለጋም አትሩጡ። ዊንዶውስ ላይ ያለው በቂ ነው። ሥራው የሚጎተተው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዲስኩ ጢም ብሎ ስለሞላ፣ ወይ ሌላ ፕሮግራም እኩል እየተሻማው ስለሆነ፣ ወይ ደግሞ ዲስኩ ራሱ ሊሞት ስለተቃረበ ነው። የመጨረሻው ከሆነ ዲፍራግ ሞቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ

ስታርትን ተጫኑና በእንግሊዝኛ ፊደል ዲፍራግ ብላችሁ ጻፉ። «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚል ይመጣላችኋል፣ ክፈቱት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሚዲያ ታይፕ» በሚለው ሥር የእያንዳንዱ ዲስክ ዓይነት ተጽፏል።

«ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» (በአጭሩ ኤስኤስዲ) ካለ ወሬው እዚህ አለቀ። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ፋይሉ ቢበታተንም ባይበታተንም ለማንበብ ያው ነው ማለት ይቻላል፣ በዚያ ላይ በተጻፈበት ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። ዊንዶውስ ይህን ስለሚያውቅ «ኦፕቲማይዝ» ስትሉት በአብዛኛው ትሪም የሚባለውን ቀላል ሥራ (የተሰረዘው ቦታ ባዶ መሆኑን ለዲስኩ መንገር) ሠርቶ ቶሎ ይጨርሳል። ኤስኤስዲ ላይ ከሌላ ቦታ ያወረዳችሁትን የዲፍራግ ሶፍትዌር ለቃችሁ ሰዓታት የምትጠብቁ ካላችሁ አሁኑኑ አቁሙት።

«ሃርድ ዲስክ ድራይቭ» ካለ ቀጥሉ። አብዛኛው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። የሚያነበው ክንድ ቦታው እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሲታከልበት፣ በሰከንድ መቶ ቦታ እንኳ መዝለል አይችልም። ዲፍራግ ደግሞ ከላይ እስከ ታች መዝለል ነው፤ እዚህ ያነባል፣ እዚያ ይጽፋል፣ ተመልሶ መዝገቡን ያስተካክላል። ለዓመታት ዲፍራግ ያልተደረገ 1 ቴራ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር የሚገርም አይደለም።

ሌላም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ብዙ የላፕቶፕ 1 ቴራና 2 ቴራ ዲስኮች መረጃ የሚጽፉት አንዱን መስመር በሌላው ላይ በከፊል እየደረቡ ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን አንዱን መስመር እንደገና ለመጻፍ ጎረቤቶቹንም አብሮ መጻፍ የግድ ይሆንበታል። ማዘዋወር ሲበዛበት ይንቀራፈፋል። እንዲህ ያለ ዲስክ ከገጠማችሁ ትዕግሥት እንጂ ሶፍትዌር አይፈታውም።

ጤናውን ሳታዩ አንድ ፋይል እንኳ አታንቀሳቅሱ

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ፋይል ስትከፍቱ ላፕቶፑ ስታክ ካደረገ፣ ወይም ዲፍራጉ ሁልጊዜ እዚያው ቁጥር ላይ ከደረቀ ጠርጥሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አውርዱና ክፈቱት። ከላይ ሰማያዊ ሆኖ «ጉድ» ካለ መልካም። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ ሁለት መስመር ፈልጉ፦ «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ ካውንት» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር ካውንት»። ሁለቱም በቀኝ በኩል ባለው ቁጥር ዜሮ ቢሆኑ ይመረጣል። በተለይ ሁለተኛው ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ እናንተ ደግሞ ዲፍራጉ ቆመ ትላላችሁ።

እዚህ ከደረሳችሁ ዲፍራጉን እርሱት። ፎቶውን፣ የሥራ ፋይሉን፣ ሌላ የትም የማይገኘውን ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ኤክስተርናል ገልብጡ። ፊልም ከሆነ ይቆይ፣ እንደገና ይወርዳል።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ገብታችሁ ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ» በሉ። የፋይል አሠራሩ ላይ ስህተት ካለ ያርመዋል፤ ሪስታርት ከጠየቀ እሺ በሉት። ስህተት ያለበት ድራይቭ ላይ ዲፍራግ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል።

ቦታ ልቀቁለት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ብዙውን ጊዜ መፍትሔውም ይኸው ነው። ዊንዶውስ በደንብ ዲፍራግ ለማድረግ ከድራይቩ 15 በመቶ ያህሉ ባዶ ቢሆንለት ይወዳል። ድራይቩ 500 ጂቢ ከሆነ 75 ጂቢ ማለት ነው። 8 ጂቢ ብቻ ቀርቶት ዲፍራግ ማድረግ ዕቃ የሞላበት ክፍል ውስጥ አልጋ ለማዞር እንደመታገል ነው፤ አንዱን ለማንሳት ሦስቱን ማውጣት አለባችሁ።

ስታርት ላይ «ዲስክ ክሊንአፕ» ብላችሁ ክፈቱ፣ ሲን ምረጡ፣ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ተጫኑ። «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» የሚል ካለና አዲሱ ዊንዶውስ ያለ ችግር እየሠራላችሁ ከሆነ አጥፉት፤ እሱ ብቻውን ብዙ ጂቢ ይዞ ይቀመጣል። «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን ካያችሁ ግን ምልክት እንዳታደርጉበት። አንዴ ከጠፋ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አታገኙትም።

ቴሌግራምን አትርሱ። እኛ ሰፈር ትልቁ ቦታ በላተኛ እሱ ነው። የኮምፒውተሩን ቴሌግራም ክፈቱና «ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ውስጥ ግቡ። ከየግሩፑና ከየቻናሉ የተጠራቀመው ቪዲዮና ፎቶ እዚያ ይታያል፣ «ክሊር» ብትሉት ቻቱ አይጠፋም። ዳውንሎድስ ውስጥ ደግሞ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ፤ እናንተ ራሳችሁ ያወረዳችሁት እዚያ ነው ያለው። የማትፈልጉትን ሰርዙ፣ የምትፈልጉትን ወደ ኤክስተርናል ውሰዱ። ይህን ሁሉ ከዲፍራጉ በፊት ጨርሱ፤ በኋላ ከሰረዛችሁ ያ ሁሉ ድካም ተመልሶ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ተሻሚዎቹን አባሩ

ዲፍራግ እየሠራ ብራውዘር ከፍታችሁ ዩቲዩብ የምታዩ ከሆነ የዘገየበት ምክንያት እናንተው ናችሁ። ዊንዶውስ ዲፍራግን የሚያሠራው ለሌሎቹ ቅድሚያ እየሰጠ ነው፤ ሌላ ሥራ በመጣ ቁጥር ዞር ይላል። ራሙ 4 ጂቢ ከሆነማ የከፈታችሁት ገጽ ሁሉ ወደ ዲስኩ ይፈስሳል።

ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ፣ ምንም አትክፈቱ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉት። ይህች ቀላል ዘዴ የዊንዶውስ አፕዴት ማውረዱንም ዋንድራይቩንም አንድ ላይ ዝም ታሰኛለች። አንቲቫይረሱ ሙሉ ስካን ላይ ከሆነ ይጨርስ ወይ አቁሙት። ማን ዲስኩን እንደያዘ ማየት ከፈለጋችሁ ስታርት ላይ «ሪሶርስ ሞኒተር» ብላችሁ ክፈቱና «ዲስክ» የሚለው ውስጥ ግቡ፤ «ቶታል» የሚለውን ስትጫኑ ብዙ የሚያነብና የሚጽፈው ወደ ላይ ይመጣል።

ቻርጀሩን ሰኩ። «ፓወር» ሴቲንግ ውስጥ ቻርጀር ላይ ሲሆን የሚተኛበትን ሰዓት «ኔቨር» አድርጉት፤ ብዙ ሰው ጠዋት «አልጨረሰም» የሚለው ላፕቶፑ ከሰው ቀድሞ ስለተኛ ነው። ክዳኑን አትዝጉ፣ ብርድ ልብስ ላይም አታስቀምጡት፣ ይግላል። መብራት ቢጠፋስ? ባትሪው ከያዘ ችግር የለም። ባይዝም የዊንዶውሱ ዲፍራግ መጀመሪያ ገልብጦ ነው ከዚያ አድራሻውን የሚቀይረው፣ ስለዚህ ፋይል ይጠፋል የሚለው ስጋት ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕን መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አታስጀምሩት፤ ድንገት መጥፋት ለዲስኩ ራሱ ጥሩ አይደለም።

አሁን አስጀምሩ

በመጀመሪያ «አናላይዝ» በሉ። የተበታተነው 3 ወይም 4 በመቶ ብቻ ነው ካለ ተዉት፣ ላፕቶፑ የተንቀራፈፈበት ምክንያት ሌላ ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን ተጫኑና ሂዱ፣ ተኙ።

አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ሥራው «ፓስ 1»፣ «ፓስ 2» እያለ በዙር ነው የሚሄደው፣ በመቶኛውም በየዙሩ ከዜሮ ይነሳል። ሰው 90 አይቶ ደስ ብሎት ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ 3 ሲያይ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም። «ኮንሶሊዴትድ» ካለ ባዶ ቦታዎቹን አንድ ላይ እየሰበሰበ ነው። በእርግጥ መቆሙን ለማወቅ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ላይ ዲስኩን እዩ፤ የሚነበበውና የሚጻፈው ቁጥር ከተንቀሳቀሰ ሥራ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ የሚነበበው ግን ዜሮ አካባቢ ከሆነ ወደ ጤና ምርመራው ተመለሱ።

መሄድ ካለባችሁ «ስቶፕ» በሉት። እስካሁን የተስተካከለው አይበላሽም፣ በሚቀጥለው ከቀረው ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ዙር ነው ከባዱ። ከዚያ በኋላ ሳምንታዊውን ፕሮግራም ሳታጠፉ ከተዋችሁት እያንዳንዱ ዙር አጭር ይሆናል። ዊንዶውስ 7 ላይ የተለመደው ሰዓት ረቡዕ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን ላፕቶፕ ከፍቶ ይቀመጣል? ዊንዶውስ 7 ካላችሁ «ኮንፊገር ስኬጁል» ውስጥ ገብታችሁ ላፕቶፑ ክፍት ሆኖ ቻርጀር ላይ ወደሚውልበት ሰዓት ቀይሩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ላፕቶፑ ለመከፈት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ጊዜያችሁን ዲፍራግ ላይ አትጨርሱ፣ ኤስኤስዲ አስገቡ። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ሃርድ ዲስክ ያለው የቆየ ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያኑ መጠን ኤስኤስዲ ይቀበላል። ስታስቀይሩ ዊንዶውሱን ከነፋይሉ ክሎን እንዲያደርጉላችሁ (እንዳለ ወደ አዲሱ እንዲገለብጡላችሁ) ጠይቁ፣ የድሮውን ዲስክ ደግሞ ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ ኬዝ አስገብታችሁ ለባክአፕ ያዙት። ቤት ስትገቡ ያንኑ የዲፍራግ መስኮት ክፈቱ፦ ሲ ድራይቭ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ማለቱን አረጋግጡ፣ ሳምንታዊውንም ፕሮግራም እንደበራ ተዉት፣ ከአሁን በኋላ ትሪሙን የሚሠራው እሱ ነው።