«በረካው ሳይቀዳ?»፦ የኮሜዲያን ሐረግ ሚም ሆኖ እንዳይስፋፋ የሚያደርጉ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ከሁለት ኮሜዲያን ጓደኞቼ ጋር አጫጭር ጭውውት እንሠራለን። እነሱ ይተውናሉ፤ እኔ እቀርጻለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ፣ እለቃለሁ። ከሠራነው ሁሉ ከእኛ እጅ ወጥታ የሰው የሆነችው፣ ሚም (ሰው እየተቀባበለ ለራሱ ጉዳይ የሚያውለው ቀልድ) ለመሆን የበቃችው አንዲት ሐረግ ናት። እንግዳው አቦሉንና ቶናውን ጠጥቶ፣ ቆሎውን ዘግኖ ሊሄድ ብድግ ሲል፣ ረከቦቱ ላይ ያቀረቀረችው ሴት ቀና ትልና «በረካው ሳይቀዳ?» ትለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ የጅማ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ከክላስ ሹልክ በሚል ተማሪ ፎቶ ላይ ተጽፋ አየናት። ቀጥሎ በ80ኛው ደቂቃ ስታዲየም ለቆ በሚወጣ ደጋፊ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ቀለበት አስሮ በጠፋ እጮኛ ላይ። ከእሷ በፊት ብዙ ጥሩ ሐረግ አባክነናል። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሳችን ሠርተናቸዋል።

ሐረጉን በራስ ልክ ብቻ መስፋት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። «ሚም» የሚለውን ቃል እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዳውኪንስ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲፈጥረው ኢንተርኔት ገና ሰው እጅ አልገባም ነበር። ቃሉን ያወጣው «የተኮረጀ ነገር» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። እንግዲህ ሚም የሚሆነው ሰው ሊኮርጀው የሚችል ነገር ነው። አዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ሚም ላይ ተራው ይገለበጣል፤ ኮሜዲያኑ ይሰጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ የራሱን ጉዳይም ይጨምርበታል። የራስን ጉዳይ ማስገቢያ ቦታ የሌለው ሐረግ ቢያስቅም ከዚያው ቪዲዮ አያልፍም። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻችን አንዱ የገጸ ባሕርዩን ስምና የሰፈሩን ስም የያዘ ሐረግ ነበረው። ቀረጻው ላይ በሳቅ ሞተናል። ግን ማን የት ይጠቀምበታል?

በዚህ ረገድ ሁሌ የማነሳው «ኤል ሪሲታስ» በመባል የሚታወቀውን ስፔናዊ ኮሜዲያን ሁዋን ሆያ ቦርሃን ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በአገሩ ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ወጥ ቤት ሲሠራ መጥበሻዎቹን ይዘፈዘፉ ብሎ ባሕር ውስጥ አሳድሮ ማዕበል እንደወሰደበት አወራ። ወሬውን ግን ሳቁ አላስጨርስ አለው። ያ ቃለ መጠይቅ ዓለምን ያዳረሰው ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ስፓንኛ የማያውቁ ሰዎች ከምስሉ ሥር የራሳቸውን ጽሑፍ እያስገቡ ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ፖለቲካ አናገሩት። ሰውየው በ2021 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ ሳቁ ግን ዛሬም ይዞራል።

በጆሮ እንጂ በዓይን የማይሠራ ሐረግ መምረጥ

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንድ ጊዜ «ገና ነው!» የሚል ሐረግ ነበረን፤ ምንም ነገር አልቆለት የማያውቅ ሰው የሚላት። በድምፅ ታስቃለች። የተጻፈችው ግን ታኅሣሥ ላይ ስለነበር ያነበበው ሁሉ የበዓል መልእክት መሰለው። «መልካም ገና» የሚል ኮመንት ጎረፈልን።

ሰው ሐረጉን ከሰማው በኋላ የሚጠቀምበት በአብዛኛው በጽሑፍና በስቲከር ነው። የቴሌግራም ቪዲዮ ስቲከር ድምፅ የለውም፤ ከ3 ሰከንድ አይበልጥም፤ ፋይሉም ከ256 ኪሎባይት ማለፍ የለበትም። የማይንቀሳቀሰው ደግሞ አንዱ ጎኑ 512 ፒክስል ነው። እዚያ ላይ ስድስት ቃል ብታስቀምጥ ማን ያነበዋል? ሁለት ቃል፣ ወፍራም ፊደል፣ ከሥሩ አንድ ግልጽ የፊት ገጽታ ይበቃል። የእኛን ያዳናት ያቺ ቀና ያለችበት ቅጽበት ናት። ቅንድቧ ተነስቷል፣ ጀበናው ከሲኒው በላይ ዘንበል እንዳለ ቆሟል። ቃሉ ባይጻፍም ይገባል።

መደጋገም

በአንድ ጭውውት አንዴ ይበቃል። አምስቴ ከተባለ ተመልካቹ የሚጨምረው አይኖርም። ሰው ራሱ እስኪላት መጠበቅ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ፤ ግን መጠበቅ ነው።

ከንግግሩ ሥር ዘፈን መጫን

ቲክቶክ ላይ ሰው ድምፅህን ወስዶ በራሱ ቪዲዮ ላይ ያደርገዋል፤ ሐረግ በፍጥነት የሚዛመትበት አንዱ መንገድ እሱ ነው። ሥሩ የሰው ዘፈን ካለበት በቅጂ መብት ምክንያት ድምፁ ሊዘጋ ይችላል፤ ባይዘጋ እንኳ ንግግሩ ተነጥሎ አይወጣም። ከሐረጉ በፊትና በኋላ ትንሽ ዝምታ ተዉ። ቆርጦ የሚወስደው ሰው መቀሱን የሚያስገባው እዚያ ነው።

የእኔ ነው ብሎ መያዝ፣ ቶሎም መሸጥ

ሌላ ፔጅ ክሊፑን ሲለቀው ንዴቱ ይገባኛል፤ ሌሊት ሙሉ የሠራሁት ነው። ሙሉውን ሥራ አንስቶ የራሱ አስመስሎ ለሚለቅ መብትን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሐረጓን ለቀልዱ የተዋሳትን ተማሪ ማሳደድ ግን ሐረጓን መግደል ነው። ምስሉን ግማሽ የሚሸፍን የፔጅ ስምም ስቲከር ሠሪውን ያሸሻል። ማስታወቂያውም እንደዚሁ ነው። ሰው ገና እየተጫወተባት ሳለ ለስልክ መሸጫ ሱቅ ካዋልናት፣ በማግስቱ የሚላት ሰው ሻጭ ይመስላል። ገንዘብ አያስፈልግም አልልም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግን ለሕዝቡ እንተውለት።

በአነጋገር ላይ መሳቅ

ጅማ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ዳውርኛው፣ ከፍኛው፣ የምኛውና ጉራጊኛው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ከተማ ነው። አማርኛን በሌላ ቋንቋ ዜማ የሚናገር ሰው ቀላል የሳቅ ምንጭ ይመስላል፤ ክሊፑም ቶሎ ይሰራጫል። የሚሰራጨው ግን ትምህርት ቤት ያለ ልጅ እጁን አውጥቶ እንዳይመልስ የሚያደርግ ነገር ነው። እኛ ይህን አንሠራም ብለን ተማምለናል።

ሐረጉ የተገኘበትን ሰው መርሳት

ይሄ ያመመኝ ነው። «በረካው ሳይቀዳ?» የእኛ ፈጠራ አይደለም። እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ጀበና ቡና ከምትሸጥ እናት የሰማነው ነው። ነጠላዋን የምታጣፋበትን ሁኔታ ሳይቀር ወሰድን። አልጠየቅናትም። ክሊፑ ሲዛመት የባጃጅ ልጆች ባለፉ ቁጥር «በረካው ሳይቀዳ?» እያሉ ይጮኹባት ጀመር። እሷም ቃሏን ተወች። ደንበኛ ሁለተኛውን ጠጥቶ ሲነሳ ዝም ብላ ሲኒውን ታነሳለች።

ይቅርታ ልንጠይቅ ሦስታችንም ሄድን። በርጩማ አቀረበችልን፣ ቀዳችልን፣ እስክንጨርስ ሰማችን። ከምናገኘው ልናካፍላት እንደምንፈልግ ነገርናት።

«ገንዘባችሁን ያዙት ልጆቼ» አለችን። «ልጆቹን ግን ንገሩልኝ። ሲያልፉ እንደ ድሮው እትዬ ይበሉኝ።»