የሳይንስ ዲግሪ ስትመርጡ፦ አንዱ ይበቃል ወይስ ሁለት ይጣመር?

ሳይንስ ለመማር የወሰነ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። «ሁለት ባጣምርስ?» ፊዚክስ ከሒሳብ፣ ባዮሎጂ ከኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኬሚስትሪ ከሕግ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ይህንኑ ጠይቄ፣ አጣምሬ፣ አንድ ተጨማሪ ዓመት ፈጅቶብኝ ነው የተመረቅኩት። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማጣመር እውቀትን እጥፍ አያደርግም። የሚያደርገው የምርጫ ኮርሶቻችሁን ወስዶ በእነሱ ቦታ ሌላ የትምህርት መስክ ማስገባት ነው። ይህ ልውጫ ለአንዱ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ለሌላው ኪሳራ። ለእናንተ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ወረቀት ላይ ቁጭ ብላችሁ ስታሰሉት ነው።

መጀመሪያ ስሙን ለዩ

«የተጣመረ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ደብል ሜጀር አንድ ዲግሪ ነው። ሁለት ዋና መስኮች አሉት፣ ሁለቱም ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፋሉ፣ ስትመረቁ የምትቀበሉት ግን አንድ ወረቀት ነው። ደብል ዲግሪ ሲሆን ወረቀቱም ሁለት ይሆናል፣ ጊዜውም ይረዝማል። በብሪታንያ ጆይንት ኦነርስ የሚሉት አለ። ሁለቱ መስኮች ገና ከጅምሩ አንድ ፕሮግራም ሆነው ነው የሚመጡት፣ ለምሳሌ ሒሳብና ፊዚክስ ወይም ፊዚክስና ፍልስፍና። ማይነር ቀለል ያለው ነው፤ ከዋናው መስክ ጎን ለጎን ከሌላ ትምህርት ክፍል አምስት ስድስት ኮርስ ትወስዳላችሁ።

የመጀመሪያ ዲግሪንና ማስተርስን አያይዞ የሚሰጥም አለ። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ሲሆን ኤምኬም (ኬሚስትሪ) እና ኤምፊዝ (ፊዚክስ) የሚባሉት ፕሮግራሞች በ4 ዓመት ማስተርስ ያስይዛሉ። አሜሪካኖቹ ደግሞ 4+1 የሚሉት መንገድ አላቸው፤ የማስተርሱን ጥቂት ኮርሶች በመጨረሻው ዓመት ቀደም ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ይኼ ሁለት መስክ ማጣመር ሳይሆን በአንድ መስክ ጠልቆ መሄድ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ስም ሊያሳስት እንደሚችልም ልብ በሉ። ካምብሪጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ በ3 ዓመት የሚመረቅ ተማሪ የሚቀበለው ቢኤስሲ (የሳይንስ ዲግሪ) ሳይሆን ቢኤ (የአርት ዲግሪ) ነው። ከቢኤስሲ ያነሰ ሳይንስ ተማረ ማለት ግን አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙን ስም ትታችሁ የኮርስ ዝርዝሩን እዩ።

ዓመቱ ከየት ተቀነሰ?

አውስትራሊያ ውስጥ ሳይንስ ለብቻው 3 ዓመት፣ ሕግ ለብቻው 4 ዓመት ነው። ድምሩ 7። ሁለቱን አጣምሮ የሚማር ግን ብዙ ጊዜ በ5 ዓመት ይጨርሳል። ሁለቱ ዓመታት የት ገቡ? የሳይንሱ ነፃ ምርጫዎች በሕግ ኮርሶች ተሞሉ፣ የሕጉ ነፃ ምርጫዎች ደግሞ በሳይንስ ኮርሶች ተሞሉ። ጊዜ የተቆጠበው በዚህ ነው። በየትኛውም አገር ያለ የተጣመረ ፕሮግራም ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ የተቀነሰው ምንድን ነው? አንዳንዴ የሚቀነሰው ብዙም የማይጎዳ ምርጫ ነው። አንዳንዴ ግን የምርምር ፕሮጀክቱ ወይም የመጨረሻ ዓመት ከባድ ኮርሶች ናቸው፣ ያ ደግሞ በኋላ ማስተርስ ስታመለክቱ ያጋጥማችኋል።

እስኪ በቁጥር እንየው። ዲግሪው በጠቅላላው 120 ክሬዲት ነው እንበል። 30ው የጋራ ኮርሶች፣ 60ው ፊዚክስና ፊዚክሱ የሚጠይቃቸው ሌሎች ኮርሶች ናቸው። 30 ነፃ ክሬዲት ይቀራል። አሁን ሒሳብን ሁለተኛ ሜጀር ማድረግ ፈለጋችሁ፣ እሱ ደግሞ 45 ክሬዲት ይፈልጋል። ነገር ግን ሦስቱን ካልኩለሶች፣ ሊኒየር አልጀብራንና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ለፊዚክሱ ብላችሁ ትወስዷቸዋላችሁ፣ እነሱ ብቻ 18 ክሬዲት ይሆናሉ። የቀራችሁ 27 ነው። 30 ውስጥ ገባ፣ ሦስት ክሬዲት እንዲያውም ተረፋችሁ።

ያው ተማሪ ከሒሳብ ይልቅ ባዮሎጂን ቢመርጥስ? እሱም 45 ክሬዲት ይፈልጋል እንበል። የሚደራረበው ምናልባት አንድ የኬሚስትሪ ኮርስ ነው፣ 4 ክሬዲት። 41 ይቀረዋል፣ ያለው ቦታ 30 ነው። 11 ክሬዲት ቦታ አጣ፤ ወደ አንድ ሴሚስተር ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥምረት ተጨማሪ ጊዜ አይፈልግም፣ ሁለተኛው ይፈልጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ኮርስ ለሁለት ሜጀር መቁጠር የሚፈቅዱት እስከ ተወሰነ ክሬዲት ነው። ገደቡን ካሪኩለሙ ላይ ካላገኛችሁት ሬጅስትራር ሄዳችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ካርታውን በእጃችሁ ሳሉ

ይሄኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ትልቅ ወረቀት አምጡና በስምንት ዓምድ ክፈሉት፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ሴሚስተር ነው። የሁለቱን መስኮች ኮርሶች በትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ጻፉ፣ ለአንዱ መስክ ሰማያዊ፣ ለሌላው ቀይ እስክሪብቶ ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፤ ስንት ክሬዲት ነው፣ ከእሱ በፊት የትኛውን ኮርስ ማለፍ ይጠይቃል፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ ደርድሯቸው።

ሲደረደር ሰንሰለቱ ይታያችኋል። ጄኔራል ኬሚስትሪ ሳይያዝ ኦርጋኒክ የለም፣ ኦርጋኒክ ሳያልቅ ባዮኬሚስትሪ የለም። ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ሳይኖር ኳንተም ሜካኒክስ አይታሰብም። በሰንሰለቱ መሀል ያለ አንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነና እሱ ካመለጣችሁ፣ ከኋላው ያሉት በሙሉ አንድ ዓመት ይገፋሉ።

የእኔም ችግር ከዚሁ ነው የመጣው። ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ ነበር ያጣመርኩት። ሦስተኛ ዓመት ላይ የፊዚካል ኬሚስትሪ ላብና የማቴማቲካል ስታቲስቲክስ ክፍል ሁለቱም ማክሰኞ ከሰዓት ሆኑ። ሁለቱም በዓመት አንዴ ነው የሚሰጡት። አንደኛው ትምህርት ክፍል ወደ ሌላኛው ይልከኛል፣ ሌላኛው መልሶ ይልከኛል፣ ሁለቱም ፕሮግራም ሲያወጡ እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር። መጨረሻ ላይ ላቡን ወሰድኩ፣ ስታቲስቲክሱን ለቀጣዩ ዓመት አሳደርኩ፣ ምረቃዬም አብሮት አደረ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የክፍል ፕሮግራም ቀድሜ ጠይቄ ብመለከት ኖሮ፣ ግጭቱ በየዓመቱ የነበረ መሆኑን በአሥር ደቂቃ አውቀው ነበር። እናንተ ጠይቁ። ማንም አይከለክላችሁም።

ስለ ላብ ካነሳን አይቀር፣ ክሬዲት ብቻ አትቁጠሩ። አንድ የላብ ክሬዲት ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆሞ መሥራት ነው፣ ሪፖርቱ ሳይጨመር። 16 ክሬዲት ሒሳብና 16 ክሬዲት ሦስት ላብ ያለበት ሴሚስተር ወረቀት ላይ እኩል ናቸው፣ ሳምንታችሁ ላይ ግን በጭራሽ እኩል አይደሉም። በአውሮፓው ሥርዓት ይህ ትንሽ ግልጽ ነው፤ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ተብሎ ይታሰባል፣ የዓመቱ 60 ክሬዲት ነው፣ የሦስት ዓመት ዲግሪ ደግሞ 180።

የትኛው ከየትኛው?

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። አንደኛው መስክ ጥያቄ ያምጣ፣ ሌላኛው መሣሪያ ያቀብል። ባዮሎጂ ከስታቲስቲክስ ወይም ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር እንዲህ ነው። ዛሬ የጂን መረጃ በብዛት ይመረታል፣ መረጃውን አንብቦ ትርጉም የሚሰጥ ሰው ግን ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ጂኦሎጂ ከፊዚክስ ጋርም እንደዚያው፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድን ያለ ፊዚክስ ማንበብ አይቻልም። ሳይንስ ከሕግ ጋር ደግሞ ሁነኛ ቦታ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ በፓተንት ቢሮ ፊት የፈጠራ ባለቤት ወክሎ ለመቆም በመደበኛነት የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ይጠየቃል፣ የሕግ ዲግሪ ብቻ አይበቃም። ማስተማር ለምትወዱ ሳይንስ ከትምህርት ዲግሪ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ጥሩ ነው፤ ስትመረቁ የማስተማሪያ ብቃቱም አብሮ በእጃችሁ ነው።

ብዙ የማይጨምሩ ጥምረቶችም አሉ። ባዮኬሚስትሪና ሞለኪውላር ባዮሎጂ ሁለት ሜጀር ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፤ አንዱን ይዛችሁ የቀሩትን ሦስት አራት ኮርሶች በምርጫ ውሰዱ። ስም ለማርዘም ብላችሁ የላብ ወይም የምርምር ጊዜ አታጥፉ።

ቀድሞ ተዋሕዶ የተሰናዳ ፕሮግራምም አስቡበት፤ ባዮፊዚክስ፣ ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ጂኦፊዚክስ፣ ኒውሮሳይንስ። የሰዓት ግጭት እምብዛም አይገጥማችሁም፣ አንድ ትምህርት ክፍል ነው የሚመራችሁ። ግን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶችን እዩ። እዚያም «መግቢያ» የሚል ስም ከበዛ ፕሮግራሙ ከሁሉም እያቀመሰ ምንም ሳያጠግብ የሚሸኝ ነው ማለት ነው።

ሁሉንም በመጀመሪያ ዲግሪ መጨረስ እንዳለባችሁ አድርጋችሁም አትጨነቁ። ቬንካትራማን ራማክሪሽናን በ1976 በፊዚክስ ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላ ተመልሶ ባዮሎጂ ተማረ። በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በኬሚስትሪ ነው። ፍራንሲስ አርኖልድ የመጀመሪያ ዲግሪዋ ሜካኒካልና ኤሮስፔስ ምህንድስና ነበር፣ በ2018 ኖቤል የተሸለመችው ግን እሷም በኬሚስትሪ ነው። ሁለቱም መጀመሪያ አንዱን መስክ ጠንቅቀው ያዙ፣ ከዚያ ተሻገሩ።

ከመመዝገባችሁ በፊት የሚጠየቁ

አድቫይዘር ጋ ስትሄዱ የሳላችሁትን ካርታ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው «ይቻላል፣ ግን ይከብዳል» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ካርታ የያዘ ሰው ግን «ይህኛው ኮርስ በሁለተኛው ሴሚስተር አይሰጥም» የሚል መልስ ያገኛል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ፣ ጥምረቱን አሁን እየተማረ ያለ ተማሪም ፈልጉ፤ ከብሮሹሩ የበለጠ ይነግራችኋል።

በሙያ ማኅበር የሚታወቅ ዲግሪ ከሆነ የተጣመረው ቅርጽም ይታወቅ እንደሆነ ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ የሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ ወይም የኢንስቲትዩት ኦፍ ፊዚክስ እውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው። ነጠላው እውቅና ስላለው ብቻ ጥምሩም አለው ብላችሁ አታስቡ።

መውጫውንም ጠይቁ። መሀል ላይ አንዱን ልተው ብል ምን ይዤ እወጣለሁ? ነጠላው ዲግሪ ላይ ለመመለስ ስንት ኮርስ ይጎድለኛል? በጥምሩ ለመቆየት በየዓመቱ ስንት ጂፒኤ ይጠበቅብኛል?

ገና ያልወሰናችሁ ከሆነ አንደኛ ዓመት ላይ ካልኩለስ፣ በካልኩለስ የሚሰጠውን ፊዚክስ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪና አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ ውሰዱ። ከእነዚህ ተነስቶ ወደ ማንኛውም የሳይንስ ዘርፍ መዞር ይቻላል። ከፊዚክስ ወደ ባዮሎጂ በሁለተኛው ዓመት መሻገር ብዙም አያስቸግርም፣ ከባዮሎጂ ወደ ፊዚክስ ግን የሒሳቡ ሰንሰለት ገና ከመጀመሪያው ይጠብቃችኋል። ሁለተኛውን ሜጀር ለማሳወቅ ቀነ ገደብ ስላለ ቀኑን ከአካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ፈልጉና ካርታችሁ ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፉት።