በቴሌስኮፑ ምንም አልታይ አለኝ? መጀመሪያ አይፒሱን ቀይሩት

አዲስ ቴሌስኮፕ ይዛችሁ ወጥታችሁ ምንም ሳታዩ ከገባችሁ እባካችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቴሌስኮፑ ሳይሆን ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ትንሿ ሌንስ፣ አይፒሱ ነው።

ምስሉ ጨልሟል፣ ፎከሱን ባዞረው ባዞረው አይጠራም

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከአቅም በላይ ማጉላት ነው። አይፒሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን የበለጠ ያጎላል፣ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ነው የሚገምተው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ፎካል ሌንግዝ (ብርሃኑ ከፊት ሌንሱ ተነስቶ እስኪሰበሰብ የሚሄደው ርቀት፣ በሚሊ) ለአይፒሱ ቁጥር አካፍሉት። ብዙ ጀማሪ የሚይዘው የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ፣ ፎካል ሌንግዙ 700 የሆነው ቴሌስኮፕ በ20 አይፒስ 35 እጥፍ ያጎላል፣ በ4 ደግሞ 175፣ እዛ ላይ ማጉላቱን 3 እጥፍ የሚያደርገውን ባርሎ (ከአይፒሱ ጋር የሚሰካ ተጨማሪ ሌንስ) ስትሰኩበት 525 ይገባል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም ይሄው ቁጥር ነው። ግን የቴሌስኮፑ አቅም በግምት የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሲባዛ በ2 ነው፣ ማለትም 140 አካባቢ፣ ከዛ በኋላ ያው አንድ ብርሃን እየተበተነ ይሳሳል እንጂ አዲስ ነገር አይታይም።

እኔ ጁፒተርን መጀመሪያ ያየሁት በ4 እና በባርሎ ነበር፣ የሚዋልል ግራጫ ነገር። ሁለቱንም አውጥቼ 20ውን ስሰካ ትንሽ ግን ጥርት ያለች ክብ፣ አጠገቧ አራት ነጥቦች በመስመር ተደርድረው፣ ጨረቃዎቿ!

ስለዚህ ሁሌም በትልቁ ቁጥር ጀምሩ። መግዛት ከፈለጋችሁ ፕሎስል የሚባለውን ዓይነት 10 ሚሊ ግዙ፣ 70 እጥፍ ይሰጣችኋል፣ የሳተርን ቀለበት በደንብ ይለያል። ጥሩ ባለ 2 እጥፍ ባርሎ ካላችሁ ግን 20ው ራሱ 10 ስለሚሆን ያንኑ ደግማችሁ አትግዙ፣ 15 ወይ 12 ይሻላችኋል።

አገኘሁት ስል ያመልጠኛል

መሬት ስለምትዞር ነው። ሰማዩ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ይሄዳል፣ በ100 እጥፍ ደግሞ ተራ ፕሎስል የሚያሳያችሁ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፣ የጨረቃን ስፋት ያህል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ቢበዛ 2 ደቂቃ ያህል ነው ያላችሁ። በትልቁ ቁጥር ፈልጉት፣ መሃል ላይ አድርጉት፣ ከዛ ቱቦውን ሳትገፉ አይፒሱን ቀይሩና ፎከሱን አስተካክሉ። ሲንቀጠቀጥ እጃችሁን አንሱና ትንሽ ጠብቁ።

ጥቁር ጥላ ይመጣል፣ ሽፋሽፍቴ መስታወቱን ይነካል

ፕሎስል ላይ ዓይን የሚቆምበት ርቀት ከቁጥሩ 70 በመቶ አካባቢ ነው፣ በ10ሩ 7 ሚሊ፣ በ4ቱ 3 ሚሊ እንኳን አይሞላም። ለዚህ ነው በጣም ትንንሽ ፕሎስል የማልመክረው። መነጽር የምታደርጉት ለቅርብ ወይ ለሩቅ እይታ ብቻ ከሆነ አውልቁት፣ ፎከሱ ያስተካክለዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ቅርጽ መዛባት) ያለበት ሰው ግን ከነመነጽሩ እንዲያይ የዓይን ርቀቱ ከ15 ሚሊ በላይ የሆነ አይፒስ ይፈልግ።

አዲሱ አይፒስ አልገባ አለ

ዛሬ የተለመደው አይፒሱ የሚሰካበት አፍ ስፋት 1.25 ኢንች ነው፣ አንዳንድ የቆዩት ግን 0.965 ናቸው። ሳትገዙ ለኩ።

አይፒስ ቀያይሬም ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ ይሆናል

ይሄ እንኳን አየሩ ነው። ቴሌስኮፑን ከሞቀ ቤት ካወጣችሁት ግማሽ ሰዓት ያህል ውጪ ይቀዝቅዝ፣ በመስኮት መስታወት በኩልም አትዩ። ከዛም ካልተረጋጋ ለዛሬ በ20ው ጨረቃን እያያችሁ ቆዩ፣ ፕላኔቶቹን ሌላ ማታ ሞክሩ።