ባትሪው እየበራ መንገዱ ካልታየ

ሰፈራችን ከለገጣፎ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ኮብልስቶኑ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፤ የመንገድ መብራቱም አብሮ። ከዚያ ወዲያ ዋልካ ነው፣ ክዳን የሌለው ቦይ ነው፣ ለግንባታ የተራገፈ ድንጋይ ነው። አልፎ አልፎም ጅብ። ጀምበር ደግሞ እዚህ አገር አታመነታም፤ ጠለቀች ካሉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ የእጅ ባትሪ እንደ ጫማ ነው። ያለሱ ከቤት አይወጣም።

ዕቃ መፈታታት ስለምወድ የሰፈሩ ሰው ባትሪውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ደካማ ነው፣ ኃይለኛ ምረጥልኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ድካም ሆኖ አላገኘሁትም። የብርሃኑ ቀለምና አጣጣሉ ነው። ቅሬታዎቹን እንደሰማኋቸው ላስቀምጣቸው።

«ቦግ ብሎ ይበራል፣ ጉድጓዱ ግን አልታየኝም»

ይሄኛው የራሴ ነው። አምና ክረምት ካርቶኑ ላይ የሉመኑ (የብርሃኑ መጠን) ቁጥር በዜሮ የተሞላ ባትሪ ገዛሁ። ቤት ውስጥ ሳበራው ግድግዳው ቦግ አለ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ፣ ልክ እንደ ብየዳ። ደስ ብሎኝ ማታ ይዤው ወጣሁ። መንገዱ በሙሉ አመድ መሰለ። ደረቅ መስሎኝ የረገጥኩት ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነበር። እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

ጩኸቴን ሰምተው ጅምር ሕንፃው ላይ የሚያድሩት ጥበቃ ወጡ። እጃቸው ላይ ያቺ የድሮ ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ አለች፣ ብርሃኗ ቢጫ። በእሷ ሳይ ውሃው ውሃ፣ አፈሩ አፈር ሆነ።

«ልጄ፣ ያንተዋ ታበራለች እንጂ አታሳይም» አሉኝ።

«አባባ፣ ኧረ ስንት ብር ያወጣሁባት ናት!»

«እኔስ ምን አልኩ? ታበራለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ኤልኢዲ፣ የዛሬ ባትሪዎች አምፖል፣ ከሥሩ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ቺፕ ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ነገር ይቀባና፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ። (ሰማያዊዋን ኤልኢዲ ለዚህ ያበቁት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውባታል።) ርካሽ ባትሪ ላይ ሰማያዊው ይበዛል፣ ቀዩ ያንሳል። እንዲህ ሲሆን የሉመን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሻጭ የሚወደው እሱን ነው። የእኛ መንገድ ግን ቡናማ ገረጋንቲና ጥቁር ዋልካ ነው። ቀይ ባነሰው ብርሃን ቡናማው ይገረጣል፣ እርጥቡና ደረቁ አይለይም።

የብርሃን ቃና፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱ ማለት ነው፣ በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ቢጫ፣ ከፍ ሲል ሰማያዊ። የሻማ ነበልባል 1900 ገደማ ነው፣ የድሮው የቤት አምፖል 2700 አካባቢ። የቀትር ፀሐይ ከ5000 እስከ 5500 ትጠጋለች። እንደኔዋ ዓይነት ባትሪ 6500 እና ከዚያ በላይ ነው። ለውጪ መንገድ ከ4000 እስከ 5000 ያለውን ፈልጉ። ወደ ቢጫም ወደ ሰማያዊም አያደላም፤ ረጅም ሰዓት ሲያዩበትም ዓይን አይቆረቁርም።

ሌላው ቁጥር ሲአርአይ ነው። ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ማለት ነው። ተራ ኤልኢዲ 70 አካባቢ ያገኛል። 90 ካለው አትልቀቁት። እንደ ጃፓኑ ኩባንያ ኒቺያ 519ኤ ያሉ ኤልኢዲዎች ስም ያወጡት በዚህ ነው። ግን አንድ ተንኮል አለ፦ ነጥቡ የ8 ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቅ ቀይ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥሩ ነጥብ ይዞም ቀይ የሚያበላሽ ባትሪ ይኖራል።

ካርቶን ደግሞ ይዋሻል። እኔ ባትሪ ልገዛ መርካቶ ስሄድ በትንሽ ፌስታል አንድ ማንኪያ በርበሬ እይዛለሁ። ባለሱቆቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጨለም ወዳለው የሱቁ ጥግ ገብቼ በርበሬው ላይ አበራለሁ። በጥሩ ባትሪ በርበሬው በርበሬ ነው። በመጥፎው የቡና ዱቄት ይመስላል። ቀጥሎ መዳፌን አያለሁ። ደም የሚዘዋወርበት መዳፍ ከመሰለ እገዛለሁ። የሬሳ እጅ ከመሰለ አመስግኜ እወጣለሁ።

አዲስ መግዛት ካልቻላችሁ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የከረሜላ ልጣጭ፣ ያ የሚያሳልፈው ዓይነት፣ መስታወቱ ላይ በስኮች ለጥፉ። ሰማያዊው ይቀንሳል፣ ዓይን ያርፋል። ተአምር ግን አትጠብቁ። ልጣጩ ከብርሃኑ ላይ ይቀንሳል እንጂ የሌለውን ቀይ አይጨምርም።

«ቃናው ልክ ነው ብለኸኝ ገዛሁ፣ ግን አረንጓዴ ይላል»

ትክክል ነው፣ ይላል። ሁለት ባትሪዎች እኩል 5000 ኬልቪን ተብለው አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ሊያደላ ይችላል። ኬልቪን ይሄንን አይለካም። ብዙ ባትሪ ላይ አረንጓዴው የሚብሰው ብርሃኑ ዝቅ ሲል ነው፤ ባለሱቅ ደግሞ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚያሳያችሁ። ዝቅ አድርጋችሁ ነጠላ ወይም ነጭ ወረቀት ላይ ሞክሩት። አረንጓዴ ካለ እዚያው ተዉት። ከተገዛ በኋላ መድኃኒቱ አስቸጋሪ ነው።

«መሃሉ ያቃጥላል፣ ዳሩ ድቅድቅ ነው»

መሃል ላይ እንደ ሳንቲም የጠነከረ ብርሃን ካለ ዓይናችሁ ለእሱ ብሎ ይጠባል። በዚያ በጠበበ ዓይን ዳር ያለውን ቦይ ማየት ዘበት ነው። ጠባብ ጨረር ለሩቅ ነው። ማሳ ማዶ ሁለት ዓይን ሲያበራ ውሻ ይሁን ጅብ ለመለየት ይጠቅማል። የሁለቱም ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ነው እንደዚያ የሚያበራው። ለእግር ግን ሰፋና ለስለስ ያለ ብርሃን ነው የሚያስፈልገው።

ያላችሁ ባትሪ ጠባብ ከሆነ መስታወቱ ላይ ደብዘዝ ያለውን ስኮች፣ ወረቀት ላይ ሲለጠፍ የማይታየውን፣ ለጥፉ። ርቀቱ ያጥራል፣ ስፋቱ ያምራል። አንገቱ እየተሳበ የሚያጠብና የሚያሰፋ ባትሪ ካላችሁ ሰፊው ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። ጠባቡ ላይ መሬቱ ላይ ካሬ ነገር ከታያችሁ አትደንግጡ፤ የቺፑ መልክ ነው።

«ጉም ሲሆን ፊቴ ነጭ መጋረጃ ይሆናል»

ሐምሌና ነሐሴ ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ጀርባ ያመሸ ያውቀዋል። ሰው ባትሪውን ከፍ አድርጎ ዓይኑ አጠገብ ይይዛል፣ ወይም ግንባሩ ላይ ያስራል። ብርሃኑ የጉሙን ጠብታዎች መትቶ በቀጥታ ወደ ዓይኑ ይመለሳል። በበጋ አቧራም ያው ነው።

ባትሪውን ወደ ወገባችሁ አውርዱት፣ ብርሃኑንም ቀንሱት። በቃ። «ቢጫ ጉም ይበሳል» የሚባለውን ብዙም አትመኑ። የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚተልቅ ሁሉንም ቀለም ከሞላ ጎደል እኩል ነው የሚበትነው። ቢጫ የሚያቀልለው የዓይን ብልጭታውን ነው።

ወገብ ላይ መያዝ ጉም በሌለበትም ይጠቅማል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጠጠሩም ጉድጓዱም ጥላ ያወጣል፤ ጥላ ያለው ነገር ይታያል። ከዓይን አጠገብ ሲበራ ጥላው ከዕቃው ጀርባ ስለሚደበቅ መሬቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ይመስላል።

«ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ይደክማል»

ሁለት ነገር አጣሩ። መጀመሪያ ጣቶቻችሁን ብርሃኑ ፊት በፍጥነት አወዛውዙ። ጣታችሁ ተቆራርጦ፣ ብዙ ሆኖ ከታየ ብርሃኑ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው። በስልክ ካሜራ ስታዩትም ጥቋቁር መስመር ይጥላል። ብርሃኑን ዝቅ የሚያደርገው በዚህ ዘዴ ነው፣ አንዳንድ ሰው አይስማማውም። ጥገና የለውም፤ ስትገዙ ፈትኑ።

ሁለተኛው፣ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ነው የምትሄዱት። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ቦግ ካደረጋችሁበት ከሀ ይጀምራል። ለእግር መንገድ ከ20 እስከ 50 ሉመን ይበቃል። ስለዚህ ባትሪ ስትመርጡ ከፍተኛው ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛው ስንት እንደሆነም ጠይቁ። (ከሰው ጋር ስትገናኙም ወደ መሬት አድርጉት። ትልቅ ሰው ፊት ላይ ፓውዛ መደቀን ነውር ነው።)

«ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ይቆራረጣል»

ስትመቱት የሚበራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ግንኙነት ላይ ነው። የኋላ ክዳኑን ፍቱ። ጥርሱንና የሞላውን (የስፕሪንጉን) ጫፍ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ክዳኑ ውስጥ ማብሪያውን የያዘ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀለበት ካለ፣ ብዙ ጊዜ የላላው እሱ ነው፤ በወረንጦ አጥብቁት።

ድንጋዩ ነጭ ነገር አውጥቶ ከሆነ አልካላይን ድንጋይ ፈሶ ነው። በጆሮ መጥረጊያ ጫፍ ትንሽ አቸቶ ወይም ሎሚ ንኩና አሹት። ይፍለቀለቃል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ በደንብ አድርቁ። በባዶ እጃችሁ አትንኩት። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀልም ይሄንኑ ያመጣል፤ አዲሱ እየሠራ አሮጌው ከልኩ በላይ ይደክምና ይፈሳል።

ከጀርባዋ ሶኬት የምትሰካው፣ ሁለት እግር የምታወጣዋ ባትሪስ? ብዙዎቹ ውስጥ ያለው የ4 ቮልት ሊድ አሲድ ነው፣ ከመኪና ባትሪ ዘር። ይሄ ዓይነቱ ባዶውን ሲቀመጥ ይሞታል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቁም ሳጥን ላይ ከርማ፣ በተፈለገች ቀን አልበራ የምትለው ለዚህ ነው። ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው ሙሏት፣ ባትጠቀሙም በየወሩ ሰካ አድርጓት። ተሰክታ ሳለች አትክፈቷት፣ አታብሯትም።

በሊትየም የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩ ላይ 18650 የሚል ታያላችሁ። ልኩ ነው፦ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። በዚህ ልክ የሚገኘው ጥሩ ድንጋይ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። 9900 የሚል ካያችሁ ሳቁና እለፉ።

«መስታወቱ ከውስጥ ላብ አወጣ»

ውሃ ገብቷል። ድንጋዩን አውጡ፣ ከፍታችሁ አየርና ፀሐይ ያለበት አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ አይሁን። የላስቲክ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ካልተሰነጠቀ ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። ቫዝሊን አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጣል። ስትገዙ አይፒኤክስ4 የሚል ካያችሁ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። አይፒኤክስ7 ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል። ለእኛ ክረምት 4ቱ ያስኬዳል፣ ቦዩ ውስጥ ካልጣላችሁት።

እነዚያ ጥበቃ ባለፈው በዓል 4500 ኬልቪን የሆነች ቆንጆ ባትሪ ወሰድኩላቸው። ጋቢያቸው ላይ አበሯት፣ መዳፋቸው ላይ አበሯት፣ ወደ ጭቃው ዞር አሉ። «ይቺ ታሳያለች» አሉ። ከዚያ ክዳኗን ፈተው ድንጋዩን አወጡና አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ሲያልቅ እዚህ ሱቅ አለ?»

«የለም አባባ። በቻርጀር ነው የሚሞላው።»

«መብራት የት አለኝና?» ብለው መለሱልኝ። ጅምሩ ሕንፃ ገና መብራት አልገባለትም። አሁን በየሱቁ በሚሸጠው ተራ ድንጋይ የምትሠራ፣ ቃናዋ መካከለኛ የሆነች እየፈለግኩላቸው ነው፤ በርበሬዬን ይዤ።