የብሎኬትን የመሳብ ጥንካሬ በመሰንጠቅ የመለካት ዘዴ

ብሎኬት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ከደረቱ ከፍታ ይለቅና ካልተሰበረ ዋጋ ይነጋገራል። ይህ ሙከራ ፈጽሞ የማይረባውን ከመለየት አያልፍም። በሰሜን ሸዋ መረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት፣ አፈሩ ክረምት አብጦ በጋ ሲኮማተር መሠረቱ ወጣ ገባ ስለሚል፣ ግድግዳው የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ብሎኬቱ በክብደት ተደቁሶ ሳይሆን ተስቦ ነው። ኮንክሪት መሳብን የሚችለው ደግሞ መጨመቅን ከሚችለው አንድ አሥረኛውን ገደማ ብቻ ነው።

ብሎኬትን በሁለት ጫፍ ይዞ መሳብ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ከላይና ከታች በቀጭን መስመር ተጭኖ እንዲሰነጠቅ ይደረጋል፤ በመስመሩ የሚገባው ጭነት ብሎኬቱን ወደ ጎንና ጎን ይስበዋል።

ከክምሩ ውስጥ መልከ መልካሙን ሳይመርጡ፣ ስንጥቅ የሌለባቸውን ቢያንስ አምስት ብሎኬቶች ይውሰዱ። ዕድሜያቸው 28 ቀን ቢሞላ ይመረጣል። ሆኖም ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የተመረተ ብሎኬት በርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ካልቆየ፣ የቀኑ ቁጥር ብቻ ስለ ጥንካሬው ብዙ አይናገርም። እርጥበት ውጤቱን ስለሚለውጥ ሁሉንም ቤት ውስጥ አድርቀው ይሞክሩ።

ለ20 ሳንቲሜትር ከፍታ፣ ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ለስላሳ ክብ ብረት ይበቃል፤ ፌሮ ግን ጥርሱ ጭነቱን በነጥብ ነጥብ ስለሚያሳርፍ አይሆንም። በብሎኬቱ ወርድ ላይ፣ ቀዳዳዎቹን በሚለየው በመካከለኛው ግድግዳ ልክ፣ ከላይም ከታችም መስመር ያስምሩ፤ በመስመሮቹ ላይ ስስ ጀሶ አድርገው ብረቶቹን ያስቀምጡና ጀሶው እስኪጠነክር ይጠብቁ። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ቁም መስመር ላይ ካልዋሉ ብሎኬቱ በሰያፍ ይሰበራል፤ እንዲህ ያለውን ውጤት ከአማካዩ ማውጣት ይገባል። ከዚያ በኋላ በመጭመቂያ ማሽኑ ጭነቱን ሳያቋርጡና ሳይቸኩሉ እየጨመሩ፣ የተሰነጠቀበትን ከፍተኛ ጭነት ይመዝግቡ።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጭነቱ በ2 ይባዛል፤ ከዚያም ለ3.14፣ ለስንጥቁ ርዝመትና ለከፍታው ብዜት ይካፈላል። ወርዱም ከፍታውም 200 ሚሊሜትር የሆነ ብሎኬት በመካከለኛው ግድግዳ ላይ በ50,000 ኒውተን ቢሰነጠቅ፣ ጥንካሬው 0.8 ሜጋ ፓስካል (በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 0.8 ኒውተን) ገደማ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በርዝመቱ ላይ ነው። ብረቱ በቀዳዳው ላይ ካለፈ፣ የቀዳዳው ርዝመት መቀነስ አለበት። እያንዳንዱ የጎን ግድግዳ 35 ሚሊሜትር ከሆነ የሚቀረው 70 ብቻ ነው፤ በ16,000 ኒውተን የተሰነጠቀው ይህ ብሎኬት 0.73 ሜጋ ፓስካል ሲኖረው፣ በ200 ያካፈለ ሰው 0.25 አግኝቶ ደህናውን ምርት ይጥላል።

ስብራቱንም ሳያዩ አይጣሉ፤ እኔ ከቁጥሩ እኩል እመለከተዋለሁ። ስንጥቁ ጠጠሩን ራሱን ሰንጥቆ ካለፈ ደካማው ጠጠሩ ነው፤ ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በበዛበት ብሎኬት ይህ የሚጠበቅ ነው። ጠጠሩ ሳይሰበር ከጉድጓዱ ተነቅሎ ከወጣ ግን ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይም ብሎኬቱ ውኃ ሳይጠጣ ደርቋል።