ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር፦ ለቡድን መሪዎች የሚሆኑ የዕለት ሥራ ልማዶች

በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት 39 ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7:30 እስከ 11:30 ይሠራል፤ ዓርብ ጠዋት ሥራው የሚያበቃው 5:30 ላይ ነው። ከዚህ ላይ ስብሰባው፣ ፊርማው፣ ስልኩና ባለጉዳዩ ሲቀነስ ለቡድን መሪው የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት በመሆኑ ብዙዎች ያመሻሉ ወይም ቅዳሜን ይጨምራሉ። ነገር ግን ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ የእርሱን ውሳኔ ሲጠብቁ ከዋሉ፣ መሪው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢቀመጥም የባከነው የቡድኑ ቀን አይመለስም። ስለዚህ «ዛሬ ምን እሠራለሁ?» ከማለትዎ በፊት «ዛሬ እኔን የሚጠብቀው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ይህን ጥያቄ በቃል መያዝ አይበቃም። ጠዋት እንደገቡ፣ ኢሜይልም ሆነ ቴሌግራም ሳይከፍቱ፣ በአጀንዳዎ አንድ ገጽ ላይ የሚጠብቅዎትን ሰው፣ የሚጠብቀውን ነገርና ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠብቅ ይጻፉ። የሚጠበቀው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ፊርማ፣ በረቂቅ ላይ የሚሰጥ አስተያየት፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መረጃ ወይም ውሳኔ ነው። በአንድ ፊርማ ወይም በአንድ ስልክ የሚያልቀውን እስከ 3 ሰዓት ይጨርሱት። ዛሬ ሊወስኑበት የማይችሉት ጉዳይ ካለ ለሚጠብቀው ሰው መቼ እንደሚወስኑ ይንገሩት፤ ቀኑን ያወቀ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ ያላወቀው ግን በየሰዓቱ በርዎን እያንኳኳ የራሱንም የእርስዎንም ጊዜ ይፈጃል።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የሚበላው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ደብዳቤ የምንመራበት መንገድ ነው። አንድ የክልል ቢሮ ለሥልጠና የበጀት ድጋፍ ጠይቆ ጻፈ እንበል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዳይሬክተሩ በኅዳጉ ላይ «አስፈላጊው ይፈጸም» ብለው ለቡድን መሪው ይመሩታል፤ ቡድን መሪው ከሥሩ «ለአቶ እገሌ፤ አስፈላጊው ይፈጸም» ብሎ ቀንና ፊርማ ያኖርበታል። ባለሙያው እጅ ሲደርስ ሁለት መሪዎች ፈርመውበታል፤ አስፈላጊው ነገር ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልጻፉም። ባለሙያው ወይ ተመልሶ ለመጠየቅ ያፍራል፣ ወይ በመሰለው ሠርቶ ረቂቁ ይመለስበታል፣ ወይም ደብዳቤውን ከሌሎቹ ሥር ያስቀምጠዋል። ባለጉዳዩ ሲደውል የሚሰማው መልስ ደግሞ «ተመርቷል» የሚል ነው፤ እውነትም ተመርቷል።

በዚያው ኅዳግ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጨምረው እንዲህ ቢመሩት ጉዳዩ ይለወጣል፦ «ወ/ሮ እገሊት፤ ለሥልጠናው በዘንድሮ ዕቅድ በጀት መያዙን ከፋይናንስ ጋር ያረጋግጡ። ካለ የፈቃድ፣ ከሌለ ምክንያቱን የሚገልጽ የምላሽ ረቂቅ እስከ ሐሙስ 8 ሰዓት ያቅርቡልኝ።» እዚህ ላይ ሠሪው፣ የሚሠራው፣ ማንን ማነጋገር እንዳለበትና የሚያቀርብበት ሰዓት ተለይተዋል። እንዲህ ለመጻፍ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ይላል፤ የ«አስፈላጊው ይፈጸም» ምቾትም ሳያነቡ ለመፈረም ማስቻሉ ነው። ቀነ ገደቡን በአጀንዳዎ ላይ ይያዙት፤ ሐሙስ 8 ሰዓት ሲደርስ ያልጠየቁበትን ትእዛዝ ሠራተኛው በሚቀጥለው ጊዜ አያከብረውም።

ትኩረት ለሚሻ ሥራ፣ ማለትም ለዕቅድ፣ ለሪፖርትና ለከባድ ረቂቅ፣ በየቀኑ የታወቀ ሰዓት ይለዩ፤ ለምሳሌ ከ3 እስከ 4:30። በእኛ ቢሮዎች በር መዝጋት እንደ ንቀት ስለሚቆጠር ሰዓቱን ለቡድንዎ አስቀድመው ያስታውቁ። ጸሐፊዎም ባለጉዳይ ሲመጣ «ረቂቅ እየሠሩ ነው፣ 4:30 ላይ ያነጋግሩዎታል» ትበል እንጂ በሌለ ስብሰባ አታሳብብ፤ ይህን ሰበብ ባለጉዳዩ ከእርስዎ በፊት ያውቀዋል። 4:30 ሲሆን ደግሞ በሩ በእርግጥ መከፈት አለበት።

ስብሰባን በተመለከተ አጀንዳው ከአንድ ቀን በፊት ይድረስ፤ መረጃ ለመስጠት ብቻ የታሰበ ከሆነም በጽሑፍ ይላክና ስብሰባው ይቅር። ቃለ ጉባኤው ከሳምንት በኋላ ተጽፎ ለፊርማ ከሚዞር ይልቅ እያንዳንዱ ውሳኔ በተወሰነበት ቅጽበት ከፈጻሚው ስምና ከቀኑ ጋር ተነቦ ይመዝገብ። ሲነበብ የሚነሣው ክርክር ጠቃሚ ነው፤ ሁሉም የተስማማ መስሎት የተለያየ ነገር ይዞ ሊወጣ እንደነበር የሚታወቀው ያኔ ነውና።

የፋይል ፍለጋን ለመቀነስ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ለማስፋፋት የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚሉት «አምስቱ ማዎች» በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ከግድግዳው ወደ መደርደሪያው የወረዱበት ቢሮ ግን ብዙ አይደለም። ከማጣራት ይጀምሩ። በመሳቢያዎና በኮምፒውተርዎ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ» እየተባሉ የተከማቹትን ረቂቆች ይለዩና በሥራ ላይ ያለውን ሰነድ ብቻ ሌሎችም በሚያገኙበት አንድ ቦታ ያኑሩ። መስክ ሲወጡ ሥራ የሚቆመው ሰነዱ በእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ ሲኖር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ውክልና ነው። ለሦስት ቀንም ቢሆን ሲወጡ ማን እንደተወከለ፣ በምን ጉዳይ ላይ እስከ ምን ድረስ ሊወስን እንደሚችል በጽሑፍ ይተዉ። ተወካዩ የወሰነውን ሲመለሱ በሰው ፊት አይሻሩ፤ ስሕተት ካለ ለብቻው ጠርተው ያነጋግሩት። በአደባባይ የተሻረ ተወካይ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ጉዳይ «እርሳቸው ይምጡ» እያለ ያቆይልዎታል።

ዓርብ ከ10:30 በኋላ አዲስ ሥራ አይጀምሩ። የሳምንቱን አምስት ገጾች ይመልከቱና ያልተሰረዙትን ለሰኞ ያሻግሩ። ለሦስተኛ ዓርብ የተሻገረ ጉዳይ ካለ አንድ ዓርብ ጨምረው አያቆዩት፤ ጊዜ ላለው ሠራተኛ በሁለት መስመር ይምሩት፣ ወይም ለጠያቂው በዚህ ሩብ ዓመት እንደማይሠራ ከነምክንያቱ ጽፈው ደብዳቤውን ያን ዕለት ከመዝገብ ቤት ያስወጡት።