ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስገባችሁ

የላይና የታች ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ያላችሁ፣ እስቲ የላዩን ከታቹ ጋር ቀስ ብላችሁ ግጠሙት። የግራና የቀኝ መንጋጋ ጥርሶች እኩል መነካካት አለባቸው፤ የፊቶቹ ግን ጠበቅ ብለው መጋጨት የለባቸውም። አንዱ ወገን ቀድሞ ከነካ ጥርሱ ይንሸራተትና ድድ ያቆስላል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቀጫጭን ወረቀት በሁለቱም ወገን መንጋጋዎች መሃል አድርጋችሁ ንከሱና ሳብ አድርጉት። አንዱ ተይዞ ሌላው ሾልኮ ከወጣ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ፤ ቀለም ባለው ወረቀት ቀድሞ የሚነካውን ነጥብ ለይቶ ይሞርደዋል። ቤት ውስጥ ራሳችሁ መሞረድ? በፍጹም! ማጣበቂያ መጨመርም አገጣጠሙን አያስተካክለውም። ስትበሉ ደግሞ በፊት ጥርስ አትግመጡ፣ የኋላው ብድግ ይላል። ቆራርጣችሁ፣ በሁለቱም ወገን አኝኩ።